ጽዋዕና ፄዋ፤ ስለ መጠጥ ምርኮኛና ስለሚመለስበት ማኅበር አጭር ታሪክ



ለደብራችን ኢዮቤልዩ መታሰቢያ በሚታተመው በዚህ መጽሐፍ ሌሎች ሊቃውንት ስለ ሕንጻውና ስለ አለፉት አገልጋዮች ይጽፋሉ። እኔ ግን ኢዮቤልዩ የሚለው ስም ራሱ ያሳሰበኝን አንድ ነገር ልጽፍ ወደድሁ። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተሠራው ሥርዐት፥ ኢዮቤልዩ ማለት ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ የሚመጣው የ50ኛው ዓመት በዓል ነው። በዚያ ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋል፤ ከድህነት የተነሣ ራሱን የሸጠ ሰው አርነት ይወጣል፤ አርነት ከወጣም በኋላ ወደ ዘመዶቹና ወደ ርስቱ ይመለሳል። ሕጉ ሁለት ነገር በአንድነት አዘዘ፤ መለቀቅንና መመለሻን። ጌታው የለቀቀው ባሪያ የሚገባበት ቤትና የሚቀበለው ወገን ከሌለው፥ ጥቂት ቀን ተንከራትቶ ወደዚያው ጌታ ደጅ ይመለሳልና።

በዛሬ ዘመን ራሱን የሸጠ ሰው ወዴት አለ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፥ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በአጣዬ መንገድ ዳር ይቁም። ጣሳ ተደፍቶበት ከተተከለው እንጨት ሥር፥ ከአረቄ ቤቱም ደጃፍ፥ የቀን ሙያውን ዋጋ ይዞ የሚገባውን ሰው ያያል። ያ ሰው ክፉ ሰው አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ደግ ሠራተኛ፥ ለልጆቹም የሚራራ ነው። ነገር ግን ጌታ አበጅቷል፤ ጌታውም ገንቦና ጠርሙስ ነው። ሊተወው ይወዳል፤ መተው ግን አልቻለም።

በቅኔ ቤት የዋለ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ በግእዝ ቋንቋ ጽዋዕ ማለት መጠጫ ዕቃ ነው፤ ፄዋ ማለት ደግሞ ምርኮና ምርኮኛ ነው። ግሣቸው ልዩ ልዩ ነው፤ ፊደላቸውም አንድ አይደለም። ነገር ግን በጆሮ ሲሰሙ ይቀራረባሉና ባለቅኔ አንዱን ሰም አንዱን ወርቅ ሊያደርጋቸው ይችላል። እኔም በዚህ ጽሑፍ የምናገረው ይህንኑ ነው፤ ጽዋዕ ሰውን ፄዋ የሚያደርገው እንዴት እንደ ሆነ፥ ፄዋ የሆነውም ሰው በምን ሥርዐት እንደሚመለስ።

አስቀድሞ ስለ መጠጡ ጥቂት እንናገር። ጠላ ከገብስ ወይም እንደኛ ባለ ቈላ ከማሽላ፥ በብቅልና በጌሾ የሚጠመቅ የአባቶቻችን መጠጥ ነው። ጠጅም በማርና በጌሾ ይጣላል። እነዚህ ሰውን የሚያሰክሩት ብዙ ሲጠጡ ነው። አረቄ ግን ሌላ ነገር ነው። ድፍድፉ በእሳት ይፈላል፤ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ ቀዝቅዞ ይንጠባጠባል። ስሙም ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ላብ ማለት ነው፤ ጠብታው ላብ ይመስላልና። ሁለተኛ የወጣው ዳግም አረቄ የሚባለው ከመቶው እጅ 40 እና ከዚያም በላይ አልኮል ይሆናል። በ1915 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ በዘመናችንም በደብረ ብርሃን ትልልቅ የቢራ ፋብሪካዎች ተሠርተዋል። እንግዲህ አያቶቻችን ለበዓል ጠምቀው በበዓል የሚጨርሱት መጠጥ፥ ለእኛ በየቀኑና በየሰዓቱ በየደጃፉ የሚገኝ ሆነ። የጠማቂዋንም ነገር አንርሳ። ከአረቄ ቤቶቹ ብዙዎቹ ልጆቿን በዚያ የምታሳድግ ባልቴት ያለችባቸው ናቸው፤ እርስዋን መርገም ምርኮኛውን አያድነውም።

በመጠጡ ላይ ኀዘን ተጨመረ። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፥ በኅዳር 2014 ዓ.ም.ም ጦርነቱ እስከዚህ ሲደርስ፥ ብዙ ሰው ቤቱንና ሱቁን፥ ከሁሉም የሚከብደውን ወገኑን አጣ። ጎረቤት ተበተነ፤ የተሰደደው ተመልሶ ሲመጣ ሰንበቴው፥ ዕድሩና የጽዋ ማኅበሩ ጎድሎ ቈየው። ኀዘንተኛ የሚያስተዛዝነው ሰው ይፈልጋል፤ ሰው ባጣ ጊዜ ጠርሙስ በሰው ስፍራ ይቀመጣል። ስለዚህ በአገራችን ስለ ስካር ስንናገር ስለ ጠባይ መበላሸት ብቻ አንናገርም፤ ስለ ተበተነ ማኅበር ጭምር እንናገራለን እንጂ።

አባቶቻችን ለዚህ ደዌ መድኀኒት አላጡም። ሊተው የወደደ ሰው ወደ ንስሐ አባቱ ይሄዳል፤ በመስቀል ተገዝቶ ወይም በታቦቱ ፊት ተስሎ ይህን ያህል ወር አልቀምስም ይላል። ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ወደ ጻድቃኔ ማርያም ወርዶ ጠበል እየተጠመቀ የሚሰነብትም አለ። በዚያ ሳለ ይጾማል፥ ይጸልያል፥ ከመጠጥ ቤቱ ይርቃል፤ ፊቱ ይጠራል፥ እጁም ከመንቀጥቀጥ ያርፋል። ይህ ሁሉ የኢዮቤልዩው ፊተኛ ክፍል ነው፤ መለቀቅ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ግን ይጎድላል። ያ ሰው ከጠበል ሲመለስ የሚያውቀው ወገን ማን ነው? ከቀድሞ ጠጪ ባልንጀሮቹ ሌላ የጽዋ ማኅበሩ አለ። የማኅበሩ ቀን ይደርሳል፤ ዳቦው ይቈረሳል፥ ጸሎቱ ይደርሳል፥ ጽዋውም ይዞራል። በጽዋው ውስጥ ያለው ጠላ ነው። አልጠጣም ቢል፥ «በቅዱሱ ስም የቀረበውን እንዴት ትመልሳለህ? በሞቴ ቅመስ!» ይሉታል። የሚሉትም በፍቅር ነው። እርሱም ወይ ይቀምሳል፥ በዚያች ቅምሻም የሦስት ወር ድካሙ ይፈርሳል፤ ወይም በሚቀጥለው ወር ከማኅበሩ ይቀራል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ወገን ይሆነው ዘንድ የተሠራው ማኅበር ራሱ ደጁን ዘጋበት። ብዙ ሰው ተገዝቶ የሚፈርስበት ምክንያት ግዝቱ ኀይል አጥቶ አይደለም፤ የተገዘተው ሰው ብቻውን ስለሚቀር ነው።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የታየ እንዳይመስላችሁ፥ በሌሎች አሕዛብ የሆነውን በአጭሩ እነግራችኋለሁ። በ1838 እ.ኤ.አ. በአየርላንድ አገር ኮርክ በሚባል ከተማ ቴዎባልድ ማቲው የሚባል ካህን ሕዝቡን ከመጠጥ እንዲርቅ ማስማል ጀመረ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሚሊዮን የሚቈጠር ሰው በፊቱ ማለ፤ መጠጥ ቤቶችም ተፈቱ። ነገር ግን በ1845 እ.ኤ.አ. የጀመረው ታላቁ ረኃብ አገሪቱን በተናት፤ እርሱም በ1856 እ.ኤ.አ. ካረፈ በኋላ ከሥራው ብዙው ተመልሶ ጠፋ። ሕዝቡ የተያያዘው በአንድ ሰው ፊት በማለው መሐላ ነበርና፥ ሰውየው ሲሄድ መሐላውም ላላ።

በ1840 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ስድስት ጠጪዎች በመጠጥ ቤት ተቀምጠው ሳሉ እንተው ተባባሉና ማኅበር አቆሙ፤ በመጀመሪያው ፕሬዚዳንታቸውም ስም ዋሺንግተናውያን ተባሉ። ሥርዐታቸው አዲስ ነበረ፤ ከመጠጥ የዳነው ሰው ራሱ ተነሥቶ ለሚጠጣው ወንድሙ የደረሰበትን ይናገራል። በዚህም እጅግ ብዙ ሰው ዳነ። ነገር ግን ማኅበሩ ከቶ ወደማይመለከተው ወደ ፖለቲካ ክርክር ገባ፤ አባሎቹም ተለያዩና አሥር ዓመት ሳይሞላ ተበተነ። በኋላም ከ1920 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. ድረስ የአሜሪካ መንግሥት መጠጥ እንዳይጠመቅና እንዳይሸጥ በሕግ ከለከለ። መጠጡ ወደ ስውር ገበያ ወረደ እንጂ አልቀረም፤ በመጨረሻም ሕጉ ተሻረ። ከዚህ ሁሉ የምንማረው፥ መሐላ ብቻውን፥ ማኅበርም ዓላማውን ከሳተ፥ ሕግም ብቻውን ምርኮኛውን ቤቱ እንደማያደርሱት ነው።

ሕጉ በተሻረ በሁለተኛው ዓመት፥ ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር ጦሯን በምታጓጕዝበት በ1927 ዓ.ም.፥ በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት አክሮን በምትባል ከተማ አንድ ነገር ሆነ። ቢል ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ የአክሲዮን ነጋዴ፥ በመጠጥ ምክንያት ኑሮው የፈረሰ ሰው፥ ከመጠጥ ከተለየ ገና ጥቂት ወር ሆኖት ነበር። ለንግድ ወደ አክሮን ሄዶ ነገሩ ከሸፈበት፤ በሆቴሉ አዳራሽ ብቻውን ቆሞ ሳለ ከመጠጥ ቤቱ በኩል የሰው ሣቅና ጨዋታ ሰማ። ሊገባ ወደደ፤ ፈራም። በግድግዳው ላይ የአብያተ ክርስቲያናት ስም ዝርዝር ነበረና ቴሌፎን አንሥቶ ዋልተር ተንክስ ለሚባል ካህን ደወለ፤ የሚያነጋግረው ሌላ ጠጪ እንደሚፈልግም ነገረው። ካህኑ አልተቈጣውም፥ አልናቀውምም፤ ወደሚረዱት ሰዎች መራው። በማግሥቱ ግንቦት 4 ቀን 1927 ዓ.ም. (12 ሜይ 1935 እ.ኤ.አ.) ቦብ ስሚዝ ከሚባል ጠጪ ሐኪም ጋር ተገናኙ። ዶክቶሩ 15 ደቂቃ ብቻ እቀመጣለሁ ብሎ የመጣ ሲሆን ብዙ ሰዓት ሲነጋገሩ አመሹ፤ እንደ እርሱ የተማረከ ሰው ሲናገር ሰምቶ አያውቅም ነበርና። ዶክቶር ቦብ የመጨረሻውን መጠጥ የጠጣበት ቀን ሰኔ 3 ቀን 1927 ዓ.ም. (10 ጁን 1935 እ.ኤ.አ.) ነው፤ ስማቸውን የማይገልጹ የአልኮል ምርኮኞች ማኅበርም ልደቱን የሚቈጥረው ከዚያች ቀን ነው።

ሁለቱ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ሄደው በአልጋ ላይ የተኛ ሦስተኛ ጠጪ ፈለጉ፤ ራሳቸው የሚድኑት ሌላውን ሲረዱ መሆኑን አውቀዋልና። በ1939 እ.ኤ.አ. መጽሐፋቸውን ሲያሳትሙ 100 ያህል ነበሩ፤ ዛሬ በ180 ያህል አገሮች 2 ሚሊዮን ያህል አባሎች አሏቸው። ሥርዐታቸውም ቀላል ነው። ገንዘብ አያስከፍሉም፤ ከውጭም አይቀበሉም። የአባሉ ስም ወደ ውጭ አይወጣም። ለመግባት የሚያስፈልገው መጠጥ የመተው ፈቃድ ብቻ ነው። ዳኛና ተከሳሽ የለም፤ ሁሉም ተራ በተራ የደረሰበትን ይናገራል፥ ሌላው ያዳምጣል። ለዕድሜ ልክ ማሉ አይሉም፤ ለዛሬ ቀን ብቻ ተው ይላሉ፤ ነገ ደግሞ የነገውን። በዋሺንግተናውያን ከደረሰው ተምረው በፖለቲካና በሌላ ክርክር አይገቡም። በ2020 እ.ኤ.አ. የሕክምና ሊቃውንት 27 ጥናቶችን መርምረው፥ ሰውን ጨርሶ ከመጠጥ በመለየት ረገድ ይህ መንገድ ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች የማያንስ፥ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ መሆኑን አስታውቀዋል።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት ነውን? አይደለም። የሰውን ምሥጢር የሚጠብቅ የንስሐ አባት አለን። በየወሩ በቀኑ የሚሰበሰብ፥ በሙሴው የሚመራ፥ በየተራ የሚዘከር ማኅበር አለን። ሁለትና ሦስት ሆኖ በስሙ ለሚሰበሰብ የተሰጠውም ተስፋ የታወቀ ነው። ሕመምተኞች ራሳቸው ተሰብስበው ሲደጋገፉም በአገራችን አይተናል። ኤችአይቪ ያለበት ሰው በኀፍረት ይደበቅ በነበረበት ዘመን፥ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች በአዲስ አበባ የተስፋ ጎህ የሚባለውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ዕድሮችም በኋላ ሕመምተኛ በመጠየቅና በማስታመም ብዙ ሠሩ። መንግሥትም በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1112 ዕድሜው 21 ላልሞላው መጠጥ እንዳይሸጥ፥ በሬዲዮና በቴሌቪዥንም እንዳይተዋወቅ ከልክሏል። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ምርኮኛውን እጁን ይዞ ቤቱ የሚያስገባው ሕግ አይደለም፥ ሰው ነው።

አንዳንድ ሽማግሌ፥ «ጌታ በቃና ውሃውን ወይን ያደረገ አይደለምን? ጳውሎስስ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ጥቂት ወይን አልፈቀደምን? ጠላ የሌለበት ማኅበር ምን ማኅበር ነው?» ይሉ ይሆናል። እኛም መጠጥ ሁሉ ርኩስ ነው አንልም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በቅዳሴያችን ከጽዋዎች ሁሉ የሚበልጠው ጽዋ የሚዘጋጀው ከዘቢብ ነው፤ ዘቢቡ በውሃ ርሶ ለዚያው ቅዳሴ ይጨመቃል እንጂ እስኪፈላ አይቈይም። ከዚያ ጽዋ የሚቀበል ከመጠጥ የተመለሰ ሰው አንዳች አይፈራም። የሚበልጠው ጽዋ ሳያሰክር ከከበረ፥ የማኅበራችን ጽዋ ብርዝ ወይም ውሃ ቢሆን ክብሩ በምን ይጎድላል? በነቢዩ በኤርምያስ መጽሐፍ በ35ኛው ምዕራፍ ደግሞ ሬካባውያን በእግዚአብሔር ቤት ውስጥ ማድጋ ሙሉ ወይን ቢቀርብላቸው አንጠጣም አሉ፤ እግዚአብሔርም በነቢዩ አፍ አመሰገናቸው እንጂ አልነቀፋቸውም። እነርሱም ለብዙ ትውልድ መጽናት የቻሉት እያንዳንዱ ብቻውን ስለ ታገለ አይደለም፤ አንድ ቤት፥ አንድ ወገን ስለ ነበሩ ነው።

ስለዚህ ደብራችን ኢዮቤልዩዋን በእውነት ታከብር ዘንድ የሚቻለንን በትሕትና አሳስባለሁ።

መጀመሪያ፥ ለዚህ የሚሆን አንድ ቀንና አንድ ቤት ይለይ። ሰንበቴ ቤቱ ከእሑድ በቀር ባዶ ነው። በሥራ ቀን፥ ወደ ምሽት 12 ሰዓት፥ አረቄ ቤቱ በሚሞላበት በዚያው ሰዓት ቢከፈት፥ ያ ሰው የሚሄድበት ሌላ ደጅ ያገኛል። ለመጀመር ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱ ከመጠጥ የተመለሰ፥ አንዱ ሊመለስ የወደደ። የሰው ስም አይጻፍ፤ በዚያ የተነገረ በዚያ ይቅር። ካህን ቢገኝ ሊያዳምጥና ሊባርክ እንጂ ሊገሥጽ አይግባ። ለሩቅ አገር ሰዎች ስብሰባው በስልክና በኢንተርኔት ጭምር እንደሚደረግ ልጆቻችን ያውቃሉ፤ ለብቻው በገጠር ላለ ሰው ይህም ይጠቅማል።

ሁለተኛ፥ በየጽዋ ማኅበሩና በየሰንበቴው ከጠላው ጽዋ አጠገብ ሌላ ጽዋ ይቅረብ። በይፋት የምንኖር ሰዎች ለሙስሊም ጎረቤታችን ብርዝና ቀሪቦ ማቅረብ እናውቅበታለን። ለገዛ ወንድማችን ይህን ማድረግ አያቅተንም። ብቻ ቀሪቦም ብርዝም ሲሰነብት ይፈላልና፥ ከመጠጥ ለተመለሰው ሰው በዚያው ቀን የተበጠበጠ ብርዝ፥ ወይም ውሃና ቡና ይሁንለት። አልጠጣም ያለውንም ማንም በሞቴ አይበለው።

ሦስተኛ፥ ብዙ ዘመን በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ቢያቋርጥ፥ እጁ ይንቀጠቀጣል፥ የሌለ ነገር ያያል፥ የሚጥል በሽታም ሊይዘውና ሊገድለው ይችላል። ይህ የጋኔን ሥራ ተብሎ ብቻ አይታለፍ፤ ሥጋው የለመደውን ስላጣ የሚመጣ ደዌ ነው። ስለዚህ ከመገዘቱና ወደ ጠበል ከመሄዱ በፊት በአጣዬ ሆስፒታል ሐኪም ይየው፤ ነገሩ ከከበደም ወደ ደብረ ብርሃን ወይም በአዲስ አበባ ወዳለው ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ይላክ። ጠበሉና መድኀኒቱ አይጣሉም፤ የሁለቱም ጌታ አንድ ነው።

አራተኛ፥ በመጠጥ የተያዘ ሙስሊም ጎረቤት ቢኖር፥ በሃይማኖቱ ፈጽሞ የተከለከለ ነውና ኀፍረቱ እጥፍ ነው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥርም መምጣት ይከብደዋል። የደብሩ ሽማግሌዎች ከመስጊዱ ሽማግሌዎች ጋር ተመካክረው ለሁሉ የሚሆን ስፍራ ከጤና ጣቢያው ወይም ከዕድር ቤት ቢያስገኙ፥ ብዙ ለተጎዳችው ከተማችንም የዕርቅ መንገድ ይሆናል።

አምስተኛ፥ ሚስትና ልጆች ይታሰቡ። የቢል ዊልሰን ሚስት ሎይስ በ1951 እ.ኤ.አ. ለጠጪዎች ቤተሰብ የተለየ ማኅበር ያቋቋመችው፥ ሰካራሙ ሲማረክ ቤቱ ሁሉ አብሮ እንደሚማረክ በራስዋ አይታ ነው። በእኛም ዘንድ ሌሊት በር ስትከፍት የኖረች ሴት ኀዘንዋን የምታወርድበት ስፍራ ያስፈልጋታል።

ሰው ወድቆ ተነሥቶ ደግሞም ይወድቅ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ተገዝቶ ሦስት ጊዜ ያፈረሰውን ሰው፥ አራተኛ ሲመጣ፥ ደጁ እንደ መጀመሪያው ቀን ክፍት ሆኖ ያግኘው። የ50ኛው ዓመት መለከት የሚነፋው ለጸናው ሰው ብቻ አልነበረም፤ ራሱን በገዛ እጁ ለሸጠውም ነበረ እንጂ። ደብራችንም በሚመጡት ዓመታት የምትመሰገነው በግንቧ ቁመትና በጉልላቷ ብርሃን ብቻ እንዳይሆን፥ ከምርኮ የተመለሱ ልጆቿ በሰንበቴዋ ተቀምጠው የብርዝ ጽዋ ይዘው የሚታዩባት ደብር ያድርጋት።

የተማረኩትን የሚመልስ፥ የተበተኑትን የሚሰበስብ አምላክ ለሁላችን ይርዳን።